ጉም ወይስ ጭስ? የባተርሲ ሰማይና የእንግሊዝኛ የአየር ስሞች ታሪክ

"ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይላሉ አበው። የእንግሊዝ ሰማይ ስሞች ግን የመልአክ ሥራ አይደሉም። አብዛኞቹን ያወጣቸው ገበሬና መርከበኛ ሲሆን፣ ጥቂቶቹን ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ፣ የባሕር ኃይል መኮንንና ሐኪም አውጥተዋቸዋል። የእነዚህኞቹ የልደት ዘመንና ምክንያት በጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ከስሞቹ መካከል አንዱ ለዘመናት ያለ ቦታው ሲጠራ በመኖሩ ለንደን በሺህ የሚቆጠር ሕዝቧን ቀብራለች። የዚህ ታሪክ አንዱ መድረክ በቴምስ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ባተርሲ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰላምታና ሰማይ

ሐበሻ ሲገናኝ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዘመድ አዝማድ ይጠያየቃል። እንግሊዛዊ ግን ቀድሞ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ይህ ልማድ የዛሬ አይደለም። ስመ ጥሩው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰን፣ ሁለት እንግሊዛውያን ሲገናኙ የመጀመሪያ ወሬያቸው ስለ አየሩ እንደሆነ በ1758 ጽፎ ነበር። ይኸው ሰው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1759፣ "ራሴላስ" የተባለውንና በአንድ የሐበሻ ልዑል ላይ የተመሠረተውን ልብ ወለድ ያሳተመው ነው።

ለልማዱ በቂ ምክንያት አለው። እንግሊዝ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በአውሮፓ ምድር መካከል የተቀመጠች ደሴት በመሆኗ፣ ከምዕራብ እርጥብ፣ ከምሥራቅ ደረቅ፣ ከሰሜን ቀዝቃዛ፣ ከደቡብ ሞቃት አየር እየመጣ በላይዋ ላይ ይጋጫል። ጧት ብራ የነበረው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሊዘንብ፣ ከሰዓት በኋላ ሊነፍስ ይችላል። ስለዚህም ቋንቋው የሰዓታት ለውጥን የሚከታተሉ ቃላት በብዛት አፈራ።

የአማርኛ ሀብት ደግሞ በሌላ በኩል ነው። በኢትዮጵያ የአየሩን ጠባይ የሚወስኑት ወቅትና ከፍታ ናቸው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ፣ ውርጭ የሚሉት ቃላት አንድ ሰው ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚለብስና በምን ሕመም እንደሚሰጋ በአንድ ቃል ይናገራሉ። እንግሊዝኛ እነዚህን ለመተርጎም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል።

ዳሩ ግን አማርኛ በዝናብም ቢሆን ድሃ አይደለም። እንግሊዞች "ድሪዝል" የሚሉት ካፊያ ነው። "ሻወር" መጣ ሄደት የሚል ዝናብ ነው፤ "ዳውንፖር" ደግሞ ዶፍ። ቀኑን ሙሉ እኝኝ እያለ የሚውለውን ዝናብ ለንደን በደንብ ታውቀዋለች። "ዲው" ጤዛ፣ "ብሪዝ" ሽው የሚል ነፋስ፣ "ስቶርም" ወጀብ ነው። አማርኛ የሚቸገረው በበረዶ ላይ ነው። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው "ሄይል"፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈው "ስኖው" እና ውኃ ረግቶ የሚጠጥረው "አይስ" ሦስቱም በተለምዶ በረዶ ይባላሉ። ለ"ስኖው" አመዳይ የሚል ቃል ቢኖርም፣ ሰሜን ተራሮችን ከመሰሉ ውርጫማ ቦታዎች ውጪ ያለው ሰው ብዙም አይጠቀምበትም። ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ሲወርድ የሚባለው "ስሊት" ደግሞ በአንድ የአማርኛ ቃል የሚመለስ አይመስልም።

ለአዲስ መጪ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ግን የወቅቶች ስም ነው። መዝገበ ቃላት "ዊንተር" ለሚለው ክረምት፣ "ሰመር" ለሚለው በጋ ብሎ ይመልሳል። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ የዝናብ ወቅት ነው። ይህም በለንደን ፀሐይ አልጠልቅ የምትልበት ጊዜ ማለት ነው። በሐምሌ ወር ከለንደን "አሁን በጋ ነው" ብሎ የሚጽፍ ሰውና አዲስ አበባ በዶፍ ተይዞ ደብዳቤውን የሚያነብ ወንድሙ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ አይግባቡም። ቃሉ ተተረጎመ እንጂ ሰማዩ አልተተረጎመም።

ሰማይን የሰየሙት ሰዎች

እንግሊዞች ራሳቸው ለብዙ ዘመን ለዳመና ዓይነቶች የጋራ ስም አልነበራቸውም። ይህንን የለወጠው ሉክ ሃዋርድ የተባለ የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው። በ1802 መገባደጃ ላይ በፕላው ኮርት ለተሰበሰቡ ጥቂት የሳይንስ ወዳጆች ባቀረበው ጽሑፍ ዳመናን በላቲን ሰየመው። ጸጉር የሚመስለውን "ሲረስ"፣ ክምር የሚመስለውን "ኪዩሙለስ"፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋውን "ስትራተስ"፣ ዝናብ ያዘለውን "ኒምበስ" አለው። ላቲንን የመረጠው የየአገሩ ሊቃውንት ሁሉ እንዲግባቡበት ነው፤ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ግዕዝ እንደሚሠራው ሥራ መሆኑ ነው። ስሞቹ ዛሬም በመላው ዓለም ያገለግላሉ።

ሁለተኛው ባለ ስም ሮበርት ፊትዝሮይ ነው። ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ በዓለም ዙሪያ የተጓዘችው የ"ቢግል" መርከብ አዛዥ የነበረ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ በ1854 የመንግሥት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። በጥቅምት 1859 "ሮያል ቻርተር" የተባለች መርከብ ከአውስትራሊያ ወርቅና መንገደኛ ጭና ስትመለስ በዌልስ ጠረፍ በወጀብ ተሰብራ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ፊትዝሮይ ወጀብ አስቀድሞ በቴሌግራፍ ሊነገር እንደሚችል ያምን ነበርና በ1861 ለወደቦች ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን "ታይምስ" ጋዜጣ የመጀመሪያውን ዕለታዊ ማስታወቂያውን አወጣ።

ይህን ሥራ ምን ብሎ ይጥራው? ነቢይ ወይም ጠንቋይ እንዳይመስል ይሰጋ ነበር። በመሆኑም ትንቢት የሚያሰኙትን ቃላት ሁሉ ትቶ "ፎርካስት" የሚለውን መረጠ፤ ትርጉሙም በስሌት የተደረሰበት አስተያየት ማለት እንደሆነ አስረዳ። የሚገርመው አማርኛ ቆይቶ ይህንኑ ቃል ሲተረጉም "ትንበያ" ማለቱ ነው፤ ሥሩ ከትንቢትና ከነቢይ ጋር አንድ ነው። ፊትዝሮይ የሸሸውን ቃል አማርኛ በእንግድነት ተቀበለው። መኮንኑ ግን ትንበያው በሳተ ቁጥር የሚደርስበትን ፌዝና የገንዘብ ችግር ሲታገል ኖሮ በ1865 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዛሬ በራዲዮ በሚነበበው የመርከበኞች ትንበያ ውስጥ አንድ የባሕር ክልል ከ2002 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።

ፎግ የተባለው ነገር

ከእንግሊዝ የአየር ቃላት ሁሉ ለንደንን በዓለም ያስጠራት "ፎግ" ነው፤ በአማርኛ ጉም። ጉም ከእርጥበትና ከቅዝቃዜ የሚወለድ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ነገር ነው። ማንም አልሠራውም፤ ማንም አይጠየቅበትም። የደጋ ሰው ጧት ሸለቆውን ሞልቶ ሲያየው፣ ፀሐይ ወጥታ ስታነሣው ጠብቆ መንገዱን ይቀጥላል።

የለንደኑ ግን ይህ አልነበረም። ቀለሙ ቢጫ፣ አንዳንዴም ቡናማ ነበር፤ ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ነጭ ልብስ ያጠቁራል። የለንደን ሕዝብ ቀለሙን አይቶ "የአተር ሾርባ" የሚል ቅጽል አወጣለት። ምንጩም ምስጢር አልነበረም። ጆን ኤቭሊን የተባለ ጸሐፊ ገና በ1661 የከሰል ጭስ ከተማይቱን እንደሚያጠፋት ለንጉሡ በጽሑፍ አቤት ብሏል። ሉክ ሃዋርድም ስለ ለንደን አየር ባሳተመው ጥናት ከተማዋ ከገጠሩ እንደምትሞቅና የራሷ የሆነ "የከተማ ጉም" እንዳላት አመልክቷል። ቢሆንም ስሙ ጉም እንደሆነ ቀረ። ጠንካራ ስም ያልወጣለት ነገር ደግሞ ከሳሽም ተከሳሽም የለውም።

በጭስ ቤት ውስጥ እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ እንባ ያዘለ የኢትዮጵያ እናት፣ ጣራው ሥር የታጎረውን ነገር ጉም ብላ አትጠራውም። ጭስ ነው ትላለች፤ እሳቱን ማን እንዳነደደው ታውቃለችና። ለንደን ይህን ለማለት ብዙ መቶ ዓመት ፈጀባት።

ቃሉ በመጨረሻ በሰፊው የታወቀው በ1905 ነው። ሄንሪ ዴ ቮ የተባለ፣ የከሰል ጭስን ለመቀነስ በተቋቋመ ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ሐኪም፣ በለንደን በተደረገ የሕዝብ ጤና ጉባኤ ላይ "ስሞክ" የሚለውንና "ፎግ" የሚለውን አጣምሮ "ስሞግ" አለ። ጭስና ጉም በአንድ ቃል ተጋቡ። የሰው እጅ በስሙ ውስጥ ገባች።

ከአትክልት ወደ ጭስ

በዚያን ጊዜ ባተርሲ ከጥንት መልኩ ፈጽሞ ተለውጦ ነበር። በ1801 ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የነበረው፣ አትክልት አምርቶ ለንደንን የሚመግብ መንደር ነበር። ላቬንደር ሂል የሚባለው ጎዳና እስካሁን የያዘው ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። በ1838 በናይን ኤልምስ የባቡር ጣቢያ ተከፈተ፤ በ1863 ክላፋም ጀንክሽን ተከተለ። የሻማ ፋብሪካው፣ የጋዝ ሥራው፣ የብረት ማቅለጫ ሸክላ ሠሪው በየተራ ሰፈሩ። በ1901 የነዋሪው ቁጥር ከ160 ሺህ በላይ ደረሰ፤ እያንዳንዱም ቤት የከሰል ምድጃ ነበረው።

በ1929 በወንዙ ዳር ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሠራት ሲጀምር ጩኸት ተነሣ። ሕንፃውን ያስዋበው ቀዩን የስልክ ቤት የነደፈው አርክቴክት ጃይልስ ጊልበርት ስኮት ነበር። የተቃውሞው ምክንያት ግን የሕንፃው መልክ ሳይሆን የከሰሉ ድኝ ነው። ጭሱ ወንዙን ተሻግሮ የቼልሲን መኖሪያዎች፣ የዌስትሚንስተርን ሕንፃዎች፣ የመናፈሻዎችን ዛፎችና የቴት ጋለሪን ሥዕሎች እንዳያበላሽ ተፈራ። በባተርሲ በኩል ያለው ሠራተኛ ሕዝብ ጭስን ሲተነፍስ የኖረ በመሆኑ ያን ያህል የጠየቀው አልነበረም።

ለተቃውሞው መልስ ሆኖ ኩባንያው ጭሱን በቴምስ ውኃ ለማጠብ ተስማማ። በ1933 ማመንጫው ሥራ ሲጀምር ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ይመስል ነበር። ድኙ በአብዛኛው ታጥቦ ወጥቷል። ዳሩ ግን የታጠበ ጭስ ቀዝቃዛና እርጥብ ነውና ወደ ላይ የመውጣት ኃይሉ ይቀንሳል። ነፋስ በሌለበት ቀን ከከፍታው ተመልሶ በአካባቢው ጎዳናዎች ላይ ይወርድ ነበር። ለሩቁ መፍትሔ የተባለው ለቅርቡ ሌላ ችግር ሆነ።

አምስቱ ቀናት

ዓርብ ታኅሣሥ 5 ቀን 1952 በለንደን ላይ ነፋስ ቆመ። በምድር አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ አየር በላዩ ሞቃት አየር ተደፋበት፤ በምጣድ ላይ አክንባሎ እንደሚደፋ ማለት ነው። ብርድ ስለነበር ቤት ሁሉ ምድጃውን አነደደ፤ ያን ጊዜ ለቤት የሚሸጠው ከሰል ደግሞ ብዙው ጥራት የጎደለው ነበር። ጥፋቱ በዋናነት የቤት ምድጃዎች እንደነበር በኋላ ተረጋግጧል፤ ፋብሪካዎች፣ ባቡሮች፣ እንደ ባተርሲ ያሉ ማመንጫዎችም ድርሻቸውን ጨመሩ። ያ ሁሉ ጭስ ከአክንባሎው በታች ታፍኖ ቀረ።

እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 9 ድረስ ሰው የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው። አውቶቡሶች ቆሙ፤ አምቡላንስ ከቦታው መድረስ አቃተው። በሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ጭጋጉ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ኦፔራው ተቋረጠ። በኧርልስ ኮርት ለትርዒት የመጡ ከብቶች ታፍነው ሞቱ። የሰው ሞት ግን ወዲያው አልታወቀም፤ አረጋውያንና ሕፃናት በየቤታቸውና በየሆስፒታሉ በጸጥታ ነበር የሚሞቱት። የሬሳ ሣጥን ማለቁ ነው ነገሩን ቀድሞ ያሳወቀው ይባላል።

ሒሳቡ ሲሠራ ወደ 4,000 ሰዎች ከወትሮው በላይ ሞተው ተገኙ። በተከታዮቹ ሳምንታትም ሞቱ አላቆመም፤ መንግሥት ግን የኋለኛውን ሞት በኢንፍሉዌንዛ አሳበበ። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መዝገቡን እንደገና የመረመሩ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ 12,000 አድርሰውታል። ልዩነቱን የፈጠረው በሞት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። ጭስ ገደለው ካልተባለ ጭሱን የሚያስቆም የለም።

ሕዝቡና አንዳንድ የፓርላማ አባላት አጥብቀው በመጠየቃቸው በ1953 በሂዩ ቢቨር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሪፖርት ጉዳዩን የአየር ጠባይ ሳይሆን የሰው ሥራ አደረገው። በ1956 "ክሊን ኤር አክት" የተባለው ሕግ ወጣ፤ በየወረዳው ጭስ የተከለከለባቸው ክልሎች ተለዩ፤ ነዋሪዎችም ምድጃቸውን እንዲለውጡ ገንዘብ ተረዱ። ዶክተር ዴ ቮ ቃሉን ከተናገረ 51 ዓመት ሆኖት ነበር። በታኅሣሥ 1962 ስሞግ ተመልሶ እንደገና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቢገድልም፣ ከዚያ በኋላ የአተር ሾርባው ለንደንን ለቆ ሄደ። በሐምሌ 1967 ከናይን ኤልምስ የመጨረሻዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ተሰናበቱ። ከባተርሲው ማመንጫ አንዱ ክፍል በ1975፣ ሌላው በ1983 ተዘጋ።

ዓይን የማያየው ጭስ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። የዛሬው ለንደን ጭስ ግን ቀለም የለውም፤ ከዋና ምንጮቹ አንዱ መኪና ነው። ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የተባለች የ9 ዓመት ልጅ በደቡብ ለንደን፣ ሉዊሻም ውስጥ፣ መኪና በሚበዛበት የሳውዝ ሰርኩላር መንገድ አቅራቢያ ትኖር ነበር። በአስም ብዙ ከተሠቃየች በኋላ በየካቲት 2013 ሞተች። መጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ስለ አየሩ መበከል አንዳች አላለም። እናቷ ሮዛመንድ ግን አልተቀበሉም። ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በታኅሣሥ 2020 ሁለተኛው ምርመራ የአየር ብክለት ለሞቷ ምክንያት እንደሆነ ወሰነ። በብሪታንያ እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። አንዲት እናት አንድ ቃል በወረቀት ላይ ለማስጻፍ ሰባት ዓመት ተከራከረች።

"ዩሌዝ" የሚባለው የመኪና ክፍያም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው። በ2019 በከተማው እምብርት ተጀምሮ፣ በጥቅምት 2021 ባተርሲን ጨምሮ እስከ ሳውዝ ሰርኩላር ደረሰ፤ በነሐሴ 2023 ለንደንን በሙሉ አዳረሰ። በታክሲና በዕቃ ማድረስ የሚተዳደረው ሐበሻ አሮጌ መኪናውን ለመለወጥ ተገዶ ኪሱ ተጎድቷል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። ያው ሹፌር ግን ከማንም በላይ ረዥም ሰዓት ያንን አየር የሚተነፍስ፣ ልጆቹም ብዙ ጊዜ በዋና መንገድ ዳር ባለ ፎቅ ቤት የሚያድጉ ሰው መሆኑ መረሳት የለበትም።

እዚህ ላይ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለ አንድ ልዩነት ይታያል። እንግሊዝኛ "ዌዘር" እና "ኤር" ብሎ ይለያል፤ የመጀመሪያው የሰማይ ጠባይ፣ ሁለተኛው የሚተነፈሰው ነገር ነው። አማርኛ ለሁለቱም አየር ይላል። "አየሩ ከብዷል" ሲባል ዝናብ ሊመጣ ነው ማለትም፣ መተንፈስ አስቸግሯል ማለትም ሊሆን ይችላል። ልጁ በየምሽቱ የሚያስል ወላጅ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ "አየሩ አልተስማማውም" የሚለውን ቃል በቃል ወደ "ዌዘር" ከተረጎመው፣ ሐኪሙ ብርድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቤቱ በመኪና መንገድ ዳር መሆኑን፣ ግድግዳው መሻገቱን፣ ልጁ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስበት ለይቶ ሲናገር ግን ሌላ ጥያቄ ይከፈታል። ለብርድ ተጠያቂ የለውም፤ ለጭስና ለሻጋታ ግን አለው።

የባተርሲው ማመንጫ ከብዙ ዓመት ባዶነት በኋላ በጥቅምት 2022 ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ሆኖ ተከፈተ። አራቱ ነጫጭ ጭስ ማውጫዎች ፈርሰው በቀድሞ መልካቸው እንደገና ተሠርተዋል። በአንደኛው ውስጥ በተገጠመ የመስተዋት ሊፍት ጎብኚዎች 109 ሜትር ከፍ ብለው ከአናቱ ይወጣሉ። ብራ በሆነ ቀን ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማይቱን ከዳር እስከ ዳር ማየት ይቻላል፤ በ1952 ግን ከሥሩ የቆመ ሰው ጫፉን ማየት አይችልም ነበር።